ከአንድ ቀጥሎ ዐሥር፦ ቁጥር ያዘሉ ስሞች በኮምፒዩተር መዝገብ ስለሚሰለፉበት ሥርዓት

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ከሰፈሮቹ ገሚሶቹን የሚጠራቸው በቁጥር ነው። በኮተቤ በኩል ቢያልፍ 02 አለ፤ ወደ አያት ሲዘልቅ 49 ይገኛል፤ ወደ ሰሚት ቢታጠፍ 72 ይገጥመዋል፤ ተመልሶ ወደ ቦሌ ቢወርድ ደግሞ 22 ማዞሪያንና 24 ቀበሌን ያገኛል። የታክሲ ረዳት እነዚህን ቁጥሮች እየጠራ መንገደኛ ሲሰበስብ የሒሳብ ትምህርቱን የሚያስታውስ ሰው የለም። ቁጥሮቹ እንደ ገርጂና እንደ ጎሮ ሁሉ ስም ሆነዋል፤ 22ን ከ24 ቀንሶ ሁለት ቀበሌ አተረፍሁ የሚልም አልተሰማም።

ሆኖም አንድ ጸሐፊ ቁጥር ያዘሉ ስሞችን በኮምፒዩተር ጽፎ በቅደም ተከተል እንዲሰለፉለት ቢያዝዝ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ከዐሥር በላይ ወረዳ ያለውን የቦሌን ክፍለ ከተማ ለምሳሌ እንውሰድ። ጸሐፊው የሚጠብቀው ወረዳ 1፣ ወረዳ 2፣ ወረዳ 3 እያለ የሚሄድ ዝርዝር ነው። ፕሮግራሙ የሚያቀርብለት ግን ወረዳ 1፣ ወረዳ 10፣ ወረዳ 11፣ ከዚያም ወረዳ 2 የሚል ሰልፍ ነው። ከአንድ ቀጥሎ ዐሥር መጣ፤ ሁለትም ከዐሥራ አንድ ኋላ ቀረ። ነገሩን መጀመሪያ ያየ ሰው መሣሪያው ተበላሸ ይላል፤ ደጋግሞ ያየው ግን ይለምደውና ምክንያቱን መጠየቅ ይተዋል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ከተተወው ጥያቄ ነው። መሣሪያው በእርግጥ አልተበላሸም። በቁጥርና በስም መካከል ያለውን ልዩነት ሳንነግረው ያሳለፍነው እኛ ነን፤ ያንንም ጉድለት ለመሸፈን በከተማችን ስሞች ላይ አንዲት ዜሮ ለጥፈን እንኖራለን። የገዛ አገራችን የግዕዝ አኃዝ ደግሞ በዚህ ረገድ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ጠባይ አለው።

ጉዳዩ የወረዳ ብቻ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱ በ14 ክልሎች ስትዋቀር ክልሎቹ ከስማቸው ጎን ቁጥር ነበራቸው። ትግራይ ክልል 1፣ አፋር ክልል 2፣ አማራ ክልል 3 እያለ ሄዶ ጋምቤላ 12፣ ሐረሪ 13፣ አዲስ አበባ 14 ነበረች፤ በዚያ ዘመን የነበረ የከተማው ነዋሪም «ክልል 14» የሚለውን አጠራር አይዘነጋውም። እነዚያን ዐሥራ አራት ስሞች በፊደል ሥርዓት የሚያሰልፍ ፕሮግራም አዲስ አበባን ከመጨረሻ አንሥቶ ስድስተኛ ያደርጋታል፤ አፋርም ሰባተኛ ይሆናል። በስታቲስቲክስ መዝገብ ግን ክልሎቹ 01፣ 02፣ 03 እየተባሉ በሁለት አኃዝ ስለተጻፉ ሰልፉ አልፈረሰም። የዚህችን ዜሮ ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በቅድሚያ መሣሪያው ምን እንደሚያይ እንረዳ። ኮምፒዩተር «10» የሚለውን ጽሕፈት በስም ውስጥ ሲያገኘው ዐሥርን አያይም። የሚያየው ሁለት ምልክቶችን፣ «1»ን እና «0»ን ነው። እያንዳንዱ ምልክት በማኅደሩ ውስጥ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ በወጣውና አስኪ በሚባለው የመለያ ሥርዓት ዜሮ 48፣ አንድ 49፣ ሁለት 50 እያለ ዘጠኝ 57 ላይ ይደርሳል። ፕሮግራሙ «ወረዳ 10»ን ከ«ወረዳ 2» ጋር ሲያነጻጽር ከግራ ጀምሮ ምልክት በምልክት ይመረምራል። ወ ከወ፣ ረ ከረ፣ ዳ ከዳ፣ ባዶው ቦታም ከባዶው ቦታ ጋር እኩል ይሆናል። ቀጥሎ «1» ከ«2» ጋር ይገናኛል፤ 49 ከ50 ስለሚያንስ ፍርዱ እዚያው ላይ ተሰጠ። ከ«1» በስተኋላ ያለችውን ዜሮ የሚጠይቃት የለም።

ይህ አሠራር እኛም በመዝገበ ቃላት የምንከተለው ነው። «ለምለም» አራት ፊደል ስላለው ባለ ሁለት ፊደል ከሆነው «ሰው» በኋላ ይምጣ የሚል ሊቅ የለም፤ የመጀመሪያው ፊደል ለ ስለሆነ በለ ቤት ይገባል። የቃል ማዕርግ በርዝመቱ አይለካም። የቁጥር ማዕርግ ግን በርዝመቱ ይለካል፤ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ምን ጊዜም ከባለ አንድ አኃዝ ይበልጣል። የሂሳብ ሠራተኛ ቁጥሮችን ሲደምር ከቀኝ ጫፍ አስተካክሎ አንድን ከአንድ ቤት፣ ዐሥርን ከዐሥር ቤት በታች ይጽፋል። ጸሐፊ ቃላትን ሲዘረዝር የሚያስተካክለው ከግራ ጫፍ ነው። ችግሩ የሚወለደው በቀኝ መስተካከል የሚገባው ቁጥር በግራ በሚስተካከል ስም ውስጥ ሲገባ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የመለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደል መለያዎች ላይ እየደረቡ ይጽፉ ስለነበር ሰልፉ የሀ ሁ ሳይሆን የላቲን ነበር፤ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዩኒኮድ ሀ 4608 ቁጥር ሲሰጠው ሌሎቹ ፊደላት ተከታትለውታል፤ ከፊደላቱና ከነጥቦቹ በኋላ ደግሞ የግዕዝ አኃዝ ከ4969 ይጀምራል። ከዚህም የተነሣ በመለያ ቁጥር ብቻ በሚሰለፍ የአድራሻ መዝገብ አንዱ ሰፈር ሦስት ቦታ ይገኛል። «22 ማዞሪያ» ብሎ የጻፈው ሰው ከሀ በፊት በመዝገቡ ራስ ላይ ያየዋል። «ሃያ ሁለት ማዞሪያ» ያለው በሀ ቤት ያገኘዋል። «፳፪ ማዞሪያ» ብሎ በግዕዝ የጻፈው ደግሞ ከፐ በኋላ በመዝገቡ ግርጌ ይፈልገዋል። ሦስቱ ጸሐፊዎች በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢሠሩ የአንድ ደንበኛን ጉዳይ ሦስት ጊዜ ከፍተው ሦስት ጊዜ ሊያጠፉት ይችላሉ።

የነገሩ ሥር ከኮምፒዩተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1890 በተካሄደው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ኸርማን ሆለሪዝ የተባለው መሐንዲስ የእያንዳንዱን ሰው መረጃ በካርድ ላይ በቀዳዳ እያስበሳ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዲቆጠር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1928 የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ባለ 80 ዐምድ ካርድ አወጣ፤ ይህም ካርድ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የመሥሪያ ቤቶች ሁሉ መዝገብ ሆኖ ቆየ። ካርዶችን የሚለየው መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ዐምድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር በሚሰለፍበት ጊዜ ሠራተኛው ካርዶቹን በመጀመሪያ በአንድ ቤት፣ ከዚያ በዐሥር ቤት፣ በመጨረሻም በመቶ ቤት ዐምድ እያሳለፈ ሦስት ጊዜ ይመግባቸዋል። ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደው ይህ አሠራር እንዲሳካ ቁጥሩ ሁልጊዜ በተወሰኑ ዐምዶች ላይ መቀመጥ ነበረበት፤ ሰባት ቁጥር «007» ተብሎ የሚበሳውም ለዚህ ነው። በካርዱ ዘመን ዜሮ ጌጥ አልነበረችም፤ አኃዙን በቤቱ የምታስቀምጥ ምሰሶ ነበረች።

ኮምፒዩተር ሲሠለጥን ጽሑፍ ከዐምድ እስራት ነጻ ወጣ። ስም እንደ ልብ ሊረዝምና ሊያጥር ቻለ። ከነጻነቱ ጋር ግን ምሰሶዋ ተነቀለች፤ ቁጥሩም ከቀኝ ጫፉ ተላቆ እንደ ማንኛውም ቃል ወደ ግራ ተጠጋ። በምልክቶች ቅደም ተከተል እንኳ ስምምነት አልነበረም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1964 ባስተዋወቀው ሲስተም 360 በተባለው የኮምፒዩተር ቤተሰብ የተጠቀመበት የመለያ ሥርዓት አኃዞችን ከላቲን ፊደላት በኋላ ሲያስቀምጥ አስኪ ግን ከፊደላት በፊት አስቀምጧቸዋል። አንድ ዝርዝር ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲሻገር ራሱ ግርጌ፣ ግርጌው ራስ የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ዜሮዎች እንመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበራት አደራጀ። በአዲስ አበባ ቀበሌዎቹ በ25 ከፍተኛዎች ሥር ተመደቡ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም የነዋሪው አድራሻ የመንገድ ስም መሆኑ ቀርቶ የቁጥር ድርድር ሆነ፦ ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል። የቦሌ ሰፊ ክፍል በከፍተኛ 17 ውስጥ ነበረ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች እንደገና ስትዋቀር ቀበሌዎቹ አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው፤ እየተጠቃለሉ ሲሄዱም በቦሌና በየካ እንደ 03/05 እና እንደ 11/12 ያሉ ባለ ጥንድ ቁጥር ቀበሌዎች ታዩ። በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎቹ በወረዳዎች ተተኩ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። አያት አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ከአንድ ቤት ሳይወጣ አድራሻው ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ ለመቁጠር የእጁ ጣቶች ያስፈልጉታል። በየጊዜው የቤት ቁጥር ሳይደርሳቸው የቀሩ አዳዲስ መንደሮችም አሉ፤ በእነርሱ መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር» በሚለው ቦታ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። «አዲስ» የሚለው ቁጥር በየትኛው ቁጥርና በየትኛው ቁጥር መካከል እንደሚሰለፍ የሚያውቅ ፕሮግራም የለም።

በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ያልተለወጠው ነገር ትንንሽ ቁጥሮችን በሁለት አኃዝ የመጻፍ ልማድ ነው። ቀበሌ 03፣ ወረዳ 05፣ ወረዳ 08። ዜሮዋ በካርድ ላይ ትሠራ የነበረውን ሥራ እዚህም ትሠራለች፤ 08ን ከ11 በፊት ታስቀምጠዋለች። የሚያስገርመው ከመዝገብ ወጥታ በሕዝብ አንደበት መግባቷ ነው። የኮተቤ ሰው ሰፈሩን «ሁለት» አይለውም፤ «ዜሮ ሁለት» ይለዋል። ቁጥር እንዲስተካከል ብቻ የምትቀመጥ፣ ዋጋ የሌላት ምልክት የሰፈር ስም አካል ሆና ስትጠራ በሌላ አገር የሰማሁት የለም።

ይህች ዜሮ ግን ጠላት አላት። በሠንጠረዥ ፕሮግራም ውስጥ «03» ብሎ የጻፈ ሰው አዝራሩን ሲጫን «3»ን ያያል፤ ፕሮግራሙ ጽሕፈቱን እንደ ብዛት ስለሚወስደው ዋጋ የሌላትን ዜሮ ይጥላታል። «03/05» ብሎ የጻፈው ደግሞ ቀበሌው ወደ ቀን ተለውጦ ማርች 5 ወይም ሜይ 3 ሆኖ ያገኘዋል። ይህ በእኛ ቀበሌዎች ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የሰው ልጅን የዘር ቅንጣት የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ማርች 1 እና ሴፕት 1 የሚመስሉ የስም አሕጽሮቶችን ሲጽፉ ፕሮግራሙ ቀን እያደረገባቸው ተቸግረው፣ ስያሜውን የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የቅንጣቶቹ ስሞች መለወጣቸውን አስታወቀ። ፕሮግራሙን ማረም ስላልቻሉ ሳይንሱን አረሙ ማለት ነው። እኛም ወረዳን «05» ብለን ስንጽፍ የምናደርገው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በመሐንዲስ ሥራ ላይ ይህ ጉዳይ የሚያስከትለው ጉዳት ከመዝገብ አለመመቸት ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቡልቡላና ወደ አራብሳ ሲስፋፋ በምሥራቅ አዲስ አበባ በመቶ የሚቆጠሩ ብሎኮች በቁጥር ተሰየሙ። ብሎኮቹ ዘጠኝ እስከሆኑ ድረስ ማንኛውም ሰልፍ ትክክል ነው፤ ዐሥረኛው ሲሠራ ሰልፉ ይናጋል፤ መቶኛው ሲጨመር ደግሞ 1፣ 10፣ 100፣ 101 እያለ ሌላ መልክ ይይዛል። የርክክብ ዝርዝር ይዞ ከብሎክ ወደ ብሎክ የሚዘዋወር ተቆጣጣሪ ከብሎክ 1 ተነሥቶ በመሬት ላይ ሩቅ ወዳለው ብሎክ 10 ይላካል፤ ከጎኑ ያለውን ብሎክ 2 በሌላ ገጽ ያገኘዋል። አንድ መስመር ቢዘለል የሚያስተውለው የለም፤ የተሰበረ ቅደም ተከተል ጉድለትን ይሸሽጋልና።

ከዚህ የሚብሰው የንድፍ ማሻሻያ ነገር ነው። ስሙን በማልጠቅሰው በዚሁ በምሥራቁ ክፍል በሚገኝ አንድ የግንባታ ቦታ የአምዶች የብረት ንድፍ ዐሥር ጊዜ ተሻሽሎ ነበር። ፋይሎቹ «ማሻሻያ 1» ከሚለው ጀምሮ እስከ «ማሻሻያ 10» ተሰይመዋል። በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ሰልፉ እንደሚጠበቀው ስለሚታይ ንድፉን ያዘጋጁት ሰዎች ችግር አልታያቸውም። በግንባታው ቦታ ግን ፋይሎቹ የሚከፈቱት በሌላ ፕሮግራም ነበር፤ እዚያ ደግሞ «ማሻሻያ 10» ከ«ማሻሻያ 1» ሥር ገብቶ በዝርዝሩ መጨረሻ የቆመው «ማሻሻያ 9» ነበር። የብረት ሥራ ኃላፊው የመጨረሻውን ፋይል አትሞ ለሠራተኞቹ ሰጠ። በዐሥረኛው ማሻሻያ የመሬት ወለሉ አምዶች ብረት ጨምሮ ነበር። ጉድለቱ የታወቀው ኮንክሪት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ተቆጣጣሪዋ በእጇ የያዘችውን ንድፍ ከታሰረው ብረት ጋር ስታመሳክር ነው። ብረቱ ተፈትቶ እንደገና ታሰረ፤ የብዙ ሠራተኞች የቀናት ድካምም ባከነ። ኮንክሪቱ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱን ለማየት የሚቻልበት መንገድ ባልኖረ ነበር። ኃላፊው የመጨረሻውን እንዲከፍት ታዝዞ የመጨረሻውን ከፈተ፤ እርሱን መውቀስ የሚቻል አይመስለኝም።

ሁለቱ ፕሮግራሞች ለምን ተለያዩ? ዊንዶውስ ኤክስፒ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ የፋይል ስሞችን የሚያሰልፍበትን ዘዴ ለውጦ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፋይሎችን የሚያሳየው ክፍል በስም ውስጥ ተከታታይ አኃዞችን ባገኘ ቁጥር እንደ አንድ ብዛት ያነባቸዋል። ስሙን በፊደልና በቁጥር ክፍሎች ይሰነጥቀዋል፤ ፊደልን ከፊደል፣ ቁጥርን ከቁጥር ጋር ያነጻጽራል። በሙያው ቋንቋ ይህ ተፈጥሯዊ አሰላለፍ ይባላል። የሊኑክስ ተጠቃሚዎችም በትእዛዝ ላይ አንዲት ፊደል በመጨመር ይህንኑ ያገኛሉ። ሆኖም ብዙ የመረጃ ቋቶችና ፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራሞች እስካሁን የሚሠሩት በቀድሞው ሥርዓት ነው። ስለዚህ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሕግ አለ፤ ተጠቃሚው ግን በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ አይነገረውም። በእኔ አስተያየት ከቀድሞው ሥርዓት ይልቅ አደገኛው ይህ ድብልቅነት ነው፤ ሁሉም ፕሮግራም 10ን ከ1 ሥር ቢያስቀምጥ ኖሮ የግንባታው ሰዎች ገና በቢሮ ሳሉ ያስተውሉት ነበርና።

ታዲያ ሁሉም ለምን ወደ ተፈጥሯዊው አይለወጥም የሚል ቢኖር፣ መልሱ አኃዝ ሁሉ ብዛት አይደለም የሚል ነው። የመንገድ ሥራ ሰው 1.5 እና 1.25 ብሎ ኪሎ ሜትር ሲጽፍ የሚበልጠው 1.5 ነው፤ የኮንትራት ሰነድ አንቀጽ 1.5 እና አንቀጽ 1.25 ሲል ግን የሚቀድመው 1.5 ነው። ጽሕፈታቸው አንድ፣ ሰልፋቸው ግን ተቃራኒ ነው። በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር እንደ ብዛት ቢነበብ ዜሮውን ያጣል። መሣሪያው አስቀድሞ ካልተነገረው አኃዙ ብዛት ይሁን፣ ማዕርግ ይሁን፣ ተራ ስም ይሁን ሊያውቅ አይችልም። የሚነግረውም መዝገቡን የሚነድፈው ባለሙያ ነው። ክፍለ ከተማውን በአንድ ዐምድ፣ የወረዳውን ቁጥር በሌላ ዐምድ፣ የብሎኩንም እንዲሁ ለየብቻ የያዘ የመረጃ ቋት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው፤ ወደ ሆለሪዝ ዐምዶች መመለስ ነው ቢባልም ሐሰት አይሆንም። ፋይልን በቀን ለሚሰይም ደግሞ ዓመትን አስቀድሞ ወርንና ቀንን በሁለት ሁለት አኃዝ መጻፍ በቂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። ለእኛ የሚለየው ወሩ እስከ 13 መድረሱ ብቻ ነው።

የግዕዝን አኃዝ ለመጨረሻ ያቆየሁት አስደናቂው ክፍል እርሱ ስለሆነ ነው። የግዕዝ አኃዞች ከግሪክ ፊደላት የተገኙ ናቸው፤ በአክሱም ዘመን በድንጋይ ላይ በተቀረጹ ጽሑፎችም ይገኛሉ። ግሪኮች ለአንድ ቤት ዘጠኝ፣ ለዐሥር ቤት ዘጠኝ፣ ለመቶ ቤት ዘጠኝ በጠቅላላው 27 ምልክት ነበራቸው። የእኛ አባቶች የአንድና የዐሥር ቤቶቹን ሙሉ በሙሉ ወሰዱ፤ ከመቶዎቹ ግን ፻ን ብቻ አስቀርተው ሁለት መቶን ፪፻፣ ሦስት መቶን ፫፻ እያሉ በብዜት ጻፉ። ፼ ሲጨመር ምልክቶቹ በጠቅላላው 20 ናቸው፤ በዩኒኮድም ከ4969 እስከ 4988 በማዕርጋቸው ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ዜሮ የለም። «ወረዳ 05»ን በግዕዝ ለመጻፍ የሚሻ ሰው ዜሮዋን የሚያስቀምጥበት ምልክት አያገኝም።

ደግነቱ አያስፈልገውም። ፩ን፣ ፪ን እስከ ፱ ድረስ፣ ከዚያም ፲ን፣ ፲፩ን፣ ፳ን በመለያ ቁጥር ብቻ የሚያሰልፍ ተራ ፕሮግራም ላይ ብናስገባቸው ያለ ምንም ዘዴ በትክክል ይሰለፋሉ። ፱ 4977 ነው፤ ፲ 4978 ነው፤ ስለዚህ ዐሥር ከዘጠኝ ይከተላል። ፲፩ በ፲ ስለሚጀምር ከ፲ በኋላና ከ፳ በፊት ይገባል። ፺፱ በ፺ ስለሚጀምር ከ፻ በፊት ይቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በተለመደው አኃዝ የቁጥር ማዕርግ የሚታወቀው በርዝመቱ ሲሆን በግዕዝ ግን የመጀመሪያው ምልክት ራሱ ማዕርጉን ይናገራል። ፲ን ያየ ሰው የሚከተለውን ሳያይ ከዐሥር ቤት መሆኑን ያውቃል።

ይህ ሥርዓት እስከ ፻፺፱ ድረስ ሳይሰናከል ይሄዳል። ዳዊትን በመዝሙር ቁጥር ከፋፍሎ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ሰው ፋይሎቹን በተለመደው አኃዝ ቢሰይማቸው መዝሙር 1፣ 10፣ 100፣ 101 እያለ ይበጠበጥበታል፤ በብራናው ላይ እንዳለ በግዕዝ ቢሰይማቸው ግን ከ፩ እስከ ፻፶፩ አንዱም ከቦታው አይናወጥም። የመላው አዲስ አበባ ወረዳዎች እንኳ በአንድ ተከታታይ የግዕዝ ቁጥር ቢሰየሙ ከዚህ ወሰን አይወጡም።

በሁለት መቶ ላይ ግን ይሰናከላል። ፪፻ የሚጀምረው በ፪ ስለሆነ ፕሮግራሙ ከ፪ ቀጥሎ፣ ከ፫ በፊት ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምልክት ማዕርግን ሳይሆን የመቶውን ብዛት ይናገራልና። አባቶቻችን የግሪኮቹን የመቶ ምልክቶች በሙሉ ወስደው ቢሆን ኖሮ እስከ 999 ይዘልቅ ነበር። በዓመተ ምሕረት ላይ ደግሞ ነገሩ እንደገና ይቃናል። ፲፱፻፷፯ ከ፲፱፻፺፭ ይቀድማል፤ ፲፱፻፺፱ም ከ፳፻ ይቀድማል፤ ከ1100 እስከ 2099 ያሉት ዓመታት እርስ በርሳቸው በትክክል ይሰለፋሉ።

ተፈጥሯዊው አሰላለፍ ይህን ጉድለት ይሞላል ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ የዩኒኮድ ሥርዓት ለቁጥር አሰላለፍ የሚያውቃቸው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉት በቦታቸው ዋጋ የሚያገኙትን አኃዞች ብቻ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። የግዕዝ አኃዞች «ሌሎች ቁጥሮች» በሚል ክፍል ስለተመዘገቡ አማራጩ አይነካቸውም። ፪፻ን ሁለት መቶ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም መጻፍ ለአንድ ጀማሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከ፻ በፊት ያለውን በመቶ አብዝቶ፣ በኋላው ያለውን መደመር ነው። የአማርኛ መዝገብ የሚነድፉ የሙያ ባልደረቦቻችን ይህን ቢጨምሩበት በግዕዝ ቁጥር የተሰየሙ የቤተ መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ከ፻፺፱ ያልፋሉ። የዓመቱ ጉዳይ ጊዜ ይሰጣል። ፳፩፻ ዓ.ም. ሲብት ግን ያልታረመ መዝገብ ያን ዓመት ከ፳፻ በፊት ያስቀምጠዋል።